«ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ» ማን ነው? የሩቅ ዘመድን በእንግሊዝኛ ቆጥሮ መጥራት

ድሬዳዋ ላይ ዘመድ ለመሆን ብዙ አይጠየቅም። ከአባታችሁ ጋር ምድር ባቡር የሠራ ሰው ጋሼ ነው። እናታችሁ አራስ ሳለች ገንፎ ያገነፋች ጎረቤት አክስት ናት። የአክስት ልጅ ወንድም ይባላል፣ የእሱ ልጅ ደግሞ «የወንድሜ ልጅ»። በዚህ የተጣላ ሰው አላውቅም።

ጣጣው የሚመጣው ከቶሮንቶ ለእረፍት የመጣው ልጅ «ሃው አር ዊ ሪሌትድ?» ብሎ ሲያፈጥ ነው። ወይም ፎርም ላይ «ሪሌሽንሺፕ» የምትል ባዶ ሳጥን ስትመጣ። ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ ልኮ «ይቺን ልጅ ታውቋታላችሁ? ሰከንድ ከዝንህ ናት ይለኛል» ብሎ ሲደውል። ያኔ አብዛኞቻችን «ከዝን» ብለን እንገላገላለን። ለወግ ይበቃል። ለፎርሙ ግን አይበቃም።

ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም። እንግሊዝኛው የሩቅ ዘመድን የሚሰይመው በትውልድ ቆጠራ ነው። መቁጠር የቻለ ስሙን ራሱ ይደርስበታል። ቆጠራ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልጅ ከመዳራችን በፊት ሰባት ቤት ስንቆጥር የኖርን ሰዎች ነን።

አንደኛ፦ የምትገናኙት ማን ላይ ነው?

ወረቀትና እስክርቢቶ ያዙ። የምትፈልጉት አንድ ሰው ነው፦ እናንተም ያ ዘመዳችሁም ከእሱ የወረዳችሁ፣ ለሁለታችሁም ቅርብ የሆነ ወላጅ። አያት ሊሆን ይችላል፣ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «መገናኛ» ብዬ እጠራዋለሁ።

መገናኛውን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው። አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። «እኔና ሄኖክ ምንና ምን ነን?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ወንድምህ ነዋ! ምን ማለትህ ነው?» ከዚያ ቁጣ ነው። እንደዚያ ከመጠየቅ ደረጃ በደረጃ ውጡ። «የሄኖክን አባት ማን ወለደው?» በሉ። «እሳቸውስ የእናቴ ምን ናቸው?» ቀጥሉ። «አንድ እናት አንድ አባት ናቸው ወይስ በአባት ብቻ ነው የሚገናኙት?» ይህቺን ሦስተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ሰዓቱንም ምረጡ። በቀትር፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሲያዝል፣ የዘር ሐረግ የሚያወራ ሽማግሌ አታገኙም። ወደ አስር ሰዓት ግድም ቡና ሲፈላ ወይም በርጫው ሲደራ ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስማችሁን ስትነግሩት እናንተ የማታውቁትን ግማሽ ቤተሰብ ይዘረግፍላችኋል።

መታወቂያም ይረዳል። ሦስተኛው ስም የአባት አባት ነው። ዘመድ መሆናቸው የታወቀ ሁለት ሰዎች ሦስተኛ ስማቸው አንድ ሆኖ የአባታቸው ስም ከተለያየ፣ አባቶቻቸው ወንድማማች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህ የሚሠራው ግን በወንድ መስመር ብቻ ነው። በመሀል አንዲት ሴት ከገባች ስሙ ይቆረጣል። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች የአባቶቻቸውን ስም እስከ ላይ ድረስ ሲያንበለብሉት ሰምታችሁ ይሆናል፤ እሱም የሚሄደው በአባት በኩል ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ግድ የለውም። በእናትም በአባትም ቆጠራው እኩል ነው።

አንዳንዴ አንድ ትውልድ ይዘለላል። «አያታችን» የተባሉት ሰው ቅድመ አያት ሆነው ይገኛሉ። ይህን ለማጣራት ድሬ ላይ እንደ ባቡሩ የሚያግዝ ነገር የለም። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። «ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ጎረምሳ ነበሩ» የተባለላቸው ሰው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተወለደ ልጅ አያት ናቸው ከተባለ ተጠራጠሩ። ቅድመ አያት የመሆናቸው ነገር ያደላል።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ቁጠሩ

ምሳሌ እንያዝ። ሰዎቹ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ግን ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሞልቷል።

አባባ ተሰማና እማማ ዘነበች ድሬ ላይ በቀለንና ጥሩነሽን ወለዱ። በቀለ ሄኖክን ወለደ። ሄኖክ ናቲን። ጥሩነሽ ሐረር አግብታ ሰላምን ወለደች። ሰላም ቶሮንቶ ሄዳ ሊያን ወለደች።

አባባ ተሰማንና እማማ ዘነበችን ከላይ መሀል ላይ ጻፏቸው። በግራ በቀለ፣ ከሥሩ ሄኖክ፣ ከሥሩ ናቲ። በቀኝ ጥሩነሽ፣ ከሥሯ ሰላም፣ ከሥሯ ሊያ። አሁን ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ። ልጅ 1፣ የልጅ ልጅ 2፣ የልጅ ልጅ ልጅ 3። ስለዚህ በቀለና ጥሩነሽ 1 ናቸው። ሄኖክና ሰላም 2። ናቲና ሊያ 3።

መገናኛዎቹ ራሳቸው አይቆጠሩም። አባባ ተሰማን «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይዛባበታል፣ ፈርስቱም ሰከንድ ይሆንበታል።

ሦስተኛ፦ ትንሹን ቁጥር ያዙ፣ አንድ ቀንሱ

ሁለቱም 1 ከሆኑ እህትና ወንድም ናቸው። አንዱ 1 ሌላው ከዚያ በላይ ከሆነ አጎት ወይም አክስት ቤት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሁለቱም 2 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ «ከዝን» ናቸው። የስንተኛ ደረጃ ከዝን? ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን ውሰዱና አንድ ቀንሱለት።

ሄኖክ 2፣ ሰላም 2። ሲቀነስ 1። ፈርስት ከዝን።

ናቲ 3፣ ሊያ 3። ሲቀነስ 2። ሰከንድ ከዝን።

በአጭሩ፦ አያት የሚጋሩ ፈርስት፣ ቅድመ አያት የሚጋሩ ሰከንድ፣ ቅም አያት የሚጋሩ ሰርድ ከዝን ናቸው።

እዚህ ጋ እንግሊዝኛው ስስታም ነው። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ በእናት በኩል፣ በአባት በኩል፣ ወንድ ትሁን ሴት፣ ሁሉም «ከዝን» ናቸው። እኛ በየት በኩል እንደመጣ እንናገርና ርቀቱን እንተወዋለን። እነሱ ርቀቱን ይናገሩና መንገዱን ይተዉታል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ቃል በቃል ልመልስ የሚል ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድልበታል። በቁጥር ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፦ ቁጥሮቹ እኩል ካልሆኑ ልዩነታቸውን ጨምሩ

ሰው የሚፈራት «ሪሙቭድ» የምትባለው ቃል የምትመጣው እዚህ ነው። ከቤተሰብ የተባረረ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ስንት የትውልድ ልዩነት እንዳለ ነው የምትናገረው። አንድ ከሆነ «ዋንስ ሪሙቭድ»፣ ሁለት ከሆነ «ትዋይስ ሪሙቭድ»፣ ሦስት ከሆነ «ስሪ ታይምስ ሪሙቭድ»።

ሄኖክና ሊያን ውሰዱ። ሄኖክ 2፣ ሊያ 3። ትንሹ 2 ነው፣ አንድ ሲቀነስ 1፣ ስለዚህ ፈርስት ከዝን። የሁለቱ ልዩነት 1፣ ስለዚህ ዋንስ ሪሙቭድ። ሲገጣጠም ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ።

ናቲ ነገ ልጅ ቢወልድ ልጁ 4 ይሆናል። ከሰላም ጋር 4 እና 2፦ ፈርስት ከዝን ትዋይስ ሪሙቭድ። ከሊያ ጋር 4 እና 3፦ ሰከንድ ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ። እዚህ ድረስ ከተከተላችሁኝ በቃ፣ ከባዱ አለቀ።

ስሙ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው። ሄኖክ ለሊያ ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ነው፣ ሊያም ለሄኖክ እንዲሁ። የትኛው ታላቅ ትውልድ እንደሆነ ቃሉ አይነግራችሁም። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። ሊያ በእኛ ወግ ሄኖክን ጋሼ ወይም አጎቴ ነው የምትለው፣ እሱም «የእህቴ ልጅ» ነው የሚላት። ቤት ውስጥ «አንክል ሄኖክ» ብትለው ማንም ፈረንጅ አይገርመውም፣ እነሱም ለአክብሮት ያደርጉታል። ወረቀት ላይ ግን አንክል አይደለም።

ሌላው የሚያምታታው ራሳቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ የፈርስት ከዝናቸውን ልጅ «ሰከንድ ከዝን» ይሉታል። በቆጠራው ስህተት ነው፣ በአፍ ግን የተለመደ ነው። ስለዚህ ውጭ ያደገ ዘመድ «ሰከንድ ከዝኔ» ቢላችሁ ወዲያው አትመኑት። «ቅድመ አያት ነው የምትጋሩት?» ብላችሁ ጠይቁት።

አምስተኛ፦ አንዱ 1 ሲሆን

ጥሩነሽ 1 ናት። ሄኖክ 2 ነው። አክስቱ ናት፣ «አንት»። ናቲ ግን 3 ነው። የአባቱ አክስት ናት፣ እኛ ደግሞ ናቲ «አያቴ» ቢላት አንቃወምም። በእንግሊዝኛ «ግሬት አንት» ወይም «ግራንድ አንት» ይባላል፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ለወንዱ «ግሬት አንክል» ወይም «ግራንድ አንክል»። በተቃራኒው ናቲ ለጥሩነሽ «ግራንድ ኔፊው» ወይም «ግሬት ኔፊው» ነው፣ ሴት ብትሆን «ኒስ»።

ቀጥታ ወደ ላይ ያለው ቀላል ነው። አያት «ግራንድፋዘር» ወይም «ግራንድማዘር»። ቅድመ አያት ላይ አንድ «ግሬት» ጨምሩ። ቅም አያት ላይ ሁለት። ከዚያ ወዲያ ምንዥላት እያለ የሚቀጥለው የእኛ ዝርዝር ከቦታ ቦታ ቅደም ተከተሉ ይለዋወጣል፤ እንግሊዝኛው ግን «ግሬት» መደርደር ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ግማሽ፣ እንጀራና ጋብቻ

ያቺ ሦስተኛ ጥያቄ አሁን ትፈለጋለች። አባባ ተሰማ ከእማማ ዘነበች ሌላ ደወሌ ላይ አንድ ቤት ነበራቸው እንበል። (የባቡር ሰው በየጣቢያው ቤት አለው እየተባለ ይቀለድ ነበር።) በቀለና ጥሩነሽ በአባት ብቻ ከተገናኙ «ሃፍ» እህትና ወንድም ናቸው። ልጆቻቸው ሄኖክና ሰላም «ሃፍ ፈርስት ከዝን» ይሆናሉ። ቁጥሩ አይነካም፣ ከፊት «ሃፍ» ብቻ ይገባል።

የእንጀራ አባትና የእንጀራ እናት «ስቴፕ» ናቸው። የእንጀራ አባታችሁ ይዞት የመጣው ልጅ «ስቴፕ ብራዘር» ነው። የእናታችሁ ልጅ ከሆነ ግን ሃፍ ነው። ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ በመካከላችሁ የሚጋሩት ወላጅ ካለ ሃፍ፣ ከሌለ ስቴፕ።

በጋብቻ ከመጣው አብዛኛው «ኢን ሎው» ነው። አማት «ማዘር ኢን ሎው» እና «ፋዘር ኢን ሎው»፣ ምራት «ዶተር ኢን ሎው»። ዋርሳ፣ የሚስት ወንድም፣ የእህት ባል፣ ወንድ እስከሆነ ድረስ ሁሉም «ብራዘር ኢን ሎው» ውስጥ ይታጨቃሉ። የልጃችሁ አማቶች ለእናንተ ምናችሁ እንደሆኑ ለመናገር ግን በእንግሊዝኛ የተለመደ አንድ ቃል የለም። «ማይ ሰንስ ማዘር ኢን ሎው» ብሎ መዘርዘር ነው። የክርስትና እናት «ጎድማዘር» ናት።

ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን ሲያገቡ ልጆቻቸው «ደብል ፈርስት ከዝን» ይባላሉ። የአጎትና የአክስት ልጆች በተጋቡበት ቤተሰብም አንድ ሰው በሁለት መንገድ ሊዛመዳችሁ ይችላል። እስልምና ይህን ጋብቻ ስለሚፈቅድ ድሬና ሐረር ላይ ያጋጥማል። ሁለቱንም መንገድ ለየብቻ ቁጠሩ፣ ለመጥሪያ የቅርቡን ውሰዱ።

ሰባተኛ፦ ፎርም ሲመጣ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አክስታችሁ አሳድጋችሁ «እማዬ» ብላችሁ ብታድጉም በሕግ ጉዲፈቻ ካልተደረገ በቀር ፎርም ላይ አክስት ናት። የአጎት ልጅም ቢሆን በአንድ ትሪ በልታችሁ አድጋችሁም ከዝን ነው። «ወንድም» ብሎ የሚሞላ ሰው ውሸት የዋሸ አይመስለውም፣ ኤምባሲው ግን የሐሰት መረጃ ነው የሚለው። አሜሪካ ላይ እስከ ዕድሜ ልክ የመግቢያ ክልከላ ሊያደርስ ይችላል። ካናዳ ላይ ደግሞ 5 ዓመት።

ከዚህም በላይ ቃሉ ራሱ መንገድ ይወስናል። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ሊያመጣ ያመለክታል፤ 21 ዓመት ከሞላው ደግሞ ወላጆቹን፣ እህትና ወንድሙንም። በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙም እህትና ወንድም ይባላሉ። ወረፋው ግን ከ10 ዓመት በላይ ነው። ለአያት፣ ለአጎት፣ ለአክስትና ለከዝን በዚህ የቤተሰብ ማመልከቻ ውስጥ ቦታ የለም። ዲቪ ላይም የሚሞላው የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያላገባ ልጅ ብቻ ነው።

ካናዳ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ እህት፣ ወንድም፣ የእህትና የወንድም ልጅ፣ የልጅ ልጅም ስፖንሰር ማድረግ ይቻላል። ስፖንሰሩ የትዳር ጓደኛም፣ ልጅም፣ ወላጅም፣ ሌላም ሊያመጣው የሚችል የቅርብ ዘመድ ከሌለው አንድ ሌላ የሥጋ ዘመድ የሚያመጣበት ቀዳዳ አለ። ከዝን የሚገባው በዚያ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመሙላታችሁ በፊት የየመንግሥቱን ድረ ገጽ እዩ። ደላላ አትመኑ።

ለጉብኝት ቪዛ የግብዣ ደብዳቤ ስትጽፉ ስሙን ብቻ አትተዉ፣ መንገዱንም ጨምሩ። ሰላም ሄኖክን ብትጋብዝ እንዲህ ትጽፋለች፦ «ሄኖክ ኢዝ ማይ ፈርስት ከዝን፣ ዘ ሰን ኦፍ ማይ ማዘርስ ብራዘር።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን የስም አለመመሳሰሉንም ያስረዳል። ሄኖክ በቀለ ተሰማና ሰላም ስማቸው ለምን እንደማይገናኝ ቆንስሉ በራሱ አይገባውም።

ገንፎ ያገነፋችው ጎረቤትስ? «ፋሚሊ ፍሬንድ» ናት። ፎርም ላይ ከዚህ አትለፉ።

ስምንተኛ፦ ዲኤንኤው «ሰከንድ ከዝን» ሲል

ድርጅቶቹ የሚለኩት የጋራ ዲኤንኤ መጠንን ነው፣ ዝምድናውን ይገምታሉ። በአማካይ ፈርስት ከዝኖች 12.5 በመቶ ይጋራሉ። ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ግማሹን፣ 6 በመቶ ግድም። ሰከንድ ከዝን 3 በመቶ አካባቢ። ሰርድ ከዝን ከ1 በመቶ በታች፤ ከእነሱ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉ ጭራሽ የሚታይ የጋራ ዲኤንኤ አይኖራቸውም።

ግምቱ የሚወላገደው የተለያየ ዝምድና አንድ ዓይነት መጠን ስለሚሰጥ ነው። ግሬት አንትም፣ ሃፍ አንክልም፣ ፈርስት ከዝንም በአማካይ ያው 12.5 ናቸው። 3 በመቶውም እንዲሁ፦ ምርመራው ያመጣት ዘመድ ሰከንድ ከዝን ልትሆን ትችላለች፣ ፈርስት ከዝን ትዋይስ ሪሙቭድም ልትሆን ትችላለች። ለመለየት መጀመሪያ ዕድሜዋን ጠይቁ። የእናንተ እኩያ ከሆነች ሰከንድ ከዝን ያደላል። ሰባ ከዘለለች ሌላውን ፈትሹ።

ከዚያ የአራቱንም አያቶቿን ስም ከነትውልድ ቦታቸው አስልኩ። አባቷን ብቻ አትጠይቁ፤ መገናኛው በእናቷ እናት በኩል ሊሆን ይችላል። ድሬ፣ ሐረር፣ ደወሌ ወይም አዋሽ የሚል ከመጣ ወረቀቱን ይዛችሁ ለትልቋ አክስት ደውሉ። «የደወሌዋን ታስታውሻት ይሆን?» በሉ። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና እየሰማችሁ ጻፉ።